ማዳመጫው ሲነቀል

በምሠራበት የኮምቦልቻ ፋብሪካ ቢሮ ከፊት ለፊቴ የምትቀመጠው ልጅ አንድ ፋይል ኮምፒውተሯ ላይ ጠፍቶባት ስትፈልግ እጄን ያሳክከኛል። ወደ ታች ትወርዳለች፣ ወደ ላይ ትመለሳለች፣ «የት ገባ ደግሞ ይሄ?» ትላለች። ተነሥቼ ላሳያት እልና ሁለቱንም እጆቼን ሹራቤ ኪስ ውስጥ እከታለሁ። እሷ በርዶኝ ይመስላታል። በኮምቦልቻ ሙቀት ማን ይበርደዋል!

ገና ሠላሳ ያልሞላት ሴት የሥራ ዘመን ትዝታ ጻፈች ቢባል ሰው ይስቃል። ጡረታ አልወጣሁም። የዲጂታል ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነበርኩ፤ አሁን የፋብሪካ ዕቃ ግምጃ ቤት መረጃ አስገቢ ነኝ። ደመወዙ ይሻላል፣ አለቃዬ ደግ ሰው ነው፣ ማንም ጮክ ብዬ እንድናገር አይጠይቀኝም። ሆኖም ካለፈው ወር ወዲህ አንድ ቦታ ረግቼ መቀመጥ አቅቶኛል። ለምን እንደሆነ መጨረሻ ላይ እመጣበታለሁ።

ኢንፎርሜሽን ሳይንስ ያጠናሁት ፈልጌው ነው። ቤተ መጻሕፍት ዝም ማለት የማያስነቅፍበት ብቸኛው መሥሪያ ቤት መስሎኝ ነበር። ክፍል ውስጥ ስሜ ሲጠራ እንኳ «አቤት» የምለው ከንፈሬን ሳላላቅቅ ነበርና፣ ደሴ ውስጥ መምህራንን የሚያሠለጥን አንድ አነስተኛ የግል ኮሌጅ ሲቀጥረኝ እናቴ «ተመስገን፣ እንደ ጠባይሽ አገኘሽ» አለችኝ። ኮሌጁ ከሰኞ ገበያ ወደ ላይ በሚወስደው ዳገት ላይ ነው። መስኮቱን ከከፈትን የገበያው ጫጫታ፣ ከዘጋነው ደግሞ የክፍሉ ቅዝቃዜ ያስቸግረን ነበር።

የክፍሉ ኃላፊ ጋሽ ይመር ይባሉ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ክረምት ከበጋ አንድ ግራጫ ካፖርት የሚለብሱ ሰው። የካፖርቱ ሁለት ኪሶች ወደ ታች ተንጠልጥለው የአህያ ጆሮ መስለዋል። ምክንያቱን በመጀመሪያው ቀን ተረዳሁ። አንድ ተማሪ የሥነ ልቦና ሞጁል ፈልጎ መጣና ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ። የሚጫነውን አላገኘውም። እኔ ጎንበስ ብዬ ማውዙን ልይዝለት ስል፣

«ሰብለ» አሉኝ ጋሽ ይመር ከኋላ።

«አቤት።»

«እጅ ወደ ኪስ።»

የሚቀልዱ መሰለኝ። ቀና ብዬ ሳያቸው የራሳቸው እጆች እስከ አንጓቸው ድረስ ኪሳቸው ውስጥ ገብተዋል። ልጁ ተንደፋድፎ፣ ሦስት የተሳሳተ ቦታ ገብቶ ወጥቶ፣ ሲጨንቀው አንገቱን አክኮ በመጨረሻ ሞጁሉን አገኘ። ሲሄድ ጋሽ ይመር ወደኔ ዞሩ። «ብታሳዪው ኖሮ እሱ ዛሬ መጽሐፉን ያገኝ ነበር፤ እኛ ግን የት እንደጠፋ አናውቅም ነበር። አሁን አውቀናል። በይ፣ ከሻይ በፊት እናስተካክለው።»

ሥራውን የተማርኩት እንዲህ ነው። ከተጠቃሚው በስተኋላ በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ እጅን ኪስ ከቶ፣ ሰውየው የሚቆምበትን ቦታ መጠበቅ። አንድ ሰው ቢቆም ይሁን፤ ሌላውም እዚያው ከቆመ ጥፋቱ የገጹ ነው። ከእንግሊዝኛ ተተርጉሞ «ሀብቶች» የሚል ቁልፍ ነበረን፤ ተማሪው ሁሉ እያየው ያልፈዋል። «መጻሕፍትና ሞጁሎች» ብለን ጻፍንበት፤ ከዚያ በኋላ ማንም አላለፈውም። «የመጨረሻ የተስተካከለ አዲሱ» የሚል የፋይል ስም ያላቸው ስንትና ስንት ሰነዶች ነበሩ። ለእያንዳንዳቸው የትምህርቱን፣ የዓመቱንና የምዕራፉን ስም ሰጠናቸው።

ጋሽ ይመር «ገባህ ወይ?» ብለው ተማሪ ጠይቀው አያውቁም። እኔ አንድ ጊዜ ስጠይቅ ሰምተው ሳቁብኝ።

«ሰው ቤት ተጋብዘሽ ወጡ ጨው ቢበዛበት ምን ትያለሽ?»

«እጃችሁ ይባረክ እላለሁ።»

«አየሽ! ተማሪውም ያንኑ ነው የሚልሽ። ይሉኝታ ያለበት አገር ላይ ጠይቀሽ የምታገኚው መልስ እጅ ይባረክ ብቻ ነው። አፉን ተይው፣ እጁን እይ።»

ኮሌጁ ኮምቦልቻ ቅርንጫፍ ነበረውና ወደዚያም በሚኒባስ በሐረጎ ጠመዝማዛ እየወረድኩ እሠራ ነበር። እዚያ የሚማሩት አብዛኞቹ ቀን ፋብሪካ የሚውሉ ናቸው። ኮምፒውተር ፊት የሚቀመጡበት ጊዜ የላቸውም፤ የሚያነቡት በስልክ ነው። አንድ ሙሉ ሞጁል ለማውረድ የገዙት የኢንተርኔት ጥቅል እልቅ ይልባቸዋል። ይህንንም ያወቅሁት ነግረውኝ አይደለም። አንዷ ሠራተኛ የፈረቃ ልብሷን እንደለበሰች ማውረድ ጀምራ ግማሽ ላይ ስታቋርጠው ከኋላዋ ቆሜ ስላየሁ ነው። እያንዳንዱን ሞጁል በምዕራፍ በምዕራፍ ከፋፈልኩት። ያን ሰሞን በሚኒባስ ሳይቀር ጎረቤቴ ስልኩን ሲነካካ አንገቴን አስግጌ አይ ነበር። አንድ ሽማግሌ «የኔ ልጅ፣ የምትፈልጊው ሰው ነው እንዴ?» ብለውኝ ያፈርኩት እስካሁን አለ።

ዘይነባ የመጣችው በሁለተኛ ዓመቴ ነው። ከኮምቦልቻ አለፍ ብላ ያለችው የደጋን ከተማ ልጅ ናት። ዓይኖቿ ከሕፃንነቷ ጀምሮ አያዩም። እህቷ ሀያት እጇን ይዛ አመጣቻትና አጠገቧ ተቀመጠች፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ለዘይነባ መጽሐፍ ሁሉ የሚነበብላት በሀያት አፍ ነበር።

«ወላሂ እኔ ራሴ መምህር ሆኛለሁ፣ ፈተና ብቻ ነው ያልወሰድኩት» አለች ሀያት እየሳቀች። «የሥነ ትምህርቱን በሕልሜ አነበንባለሁ።»

«ታንቀላፋለች እንጂ መች ታነባለች» አለች ዘይነባ። «ገጽ ትዘላለች። ያልተያያዘ ነገር ስሰማ ነው የማውቀው።»

ሳቁ እንዳበቃ የመጡበትን ነገሩኝ። ሀያት ልታገባ ነው፤ ከሠርጉ በኋላ ከባሏ ጋር ወደ አፋር ትሄዳለች። ዘይነባ ደግሞ የመውጫ ፈተናዋ ከፊቷ ነው። ፈተናውን ካለፈች ደጋን ትምህርት ቤት ትቀጠራለች፤ ካላለፈች ወንድሟ ቤት ተመልሳ ትቀመጣለች። «የሚያነብልኝ ሰው አይደለም የምፈልገው» አለች። «እንዳነብ ነው የምፈልገው።»

ጽሑፍን በድምፅ የሚያነብ ሶፍትዌር እንዳለ በትምህርት ላይ ሳለሁ ተምሬያለሁ። በነፃ የሚገኝ ነው፤ አማርኛም ይሞክራል፣ ድምፁ ግን ቆርቆሮ ውስጥ ያለ ሰው ይመስላል። አንድ ኮምፒውተር ላይ ጫንኩላት፣ ማዳመጫ ገዛንላት፣ በቁልፎች ብቻ ከምዕራፍ ወደ ምዕራፍ መሄድን አስተማርኳት። ጣቶቿ ፈጣን ነበሩ። በየቀኑ እየመጣች ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ትቀመጥ ጀመር። «ይሰማል?» እላታለሁ። «አልሃምዱሊላህ፣ ይሰማል» ትለኛለች። ደስ ብሎኝ ወደ ቦታዬ እመለሳለሁ።

የኮሌጁ ዲን ይህን ሲሰሙ ለአዲሱ አገልግሎት የምረቃ ሥነ ሥርዓት ይደረግ አሉ። ሪባን፣ እንግዳ፣ ለስላሳ መጠጥ። ጋሽ ይመር በዚያ ሰሞን ኩላሊታቸውን አሟቸው ቤት ተኝተዋል። ልጠይቃቸው ሄጄ ስለ ምረቃው ነገርኳቸው።

«ከልጅቷ ኋላ ተቀመጥሽ?» አሉኝ።

«ጠየቅኳት፤ ይሰማል ትላለች።»

«እሱን አልጠየቅኩሽም።»

አልተቀመጥኩም ነበር። ከኋላዋ ብቀመጥ ምን አያለሁ? ድምፁ ያለው ጆሮዋ ውስጥ ነው። ማዳመጫሽን አውልቂና ላዳምጥልሽ ማለት የሰው ደብዳቤ መክፈት ሆኖ ተሰማኝ። ነገ እላታለሁ እያልኩ ቀኑ ደረሰ።

በምረቃው ቀን ክፍሉ ሞላ። ዘይነባ አዲስ ሻርፕ ለብሳ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣለች፣ ሀያት አጠገቧ ቆማለች። ዘይነባ የአማርኛ ማስተማር ሥነ ዘዴ ሞጁሉን ከፈተች። ዲኑ ፈገግ ብለው «ለእንግዶቻችንም ይሰማ እንጂ!» አሉና ማዳመጫውን ነቅለው ድምፅ ማጉያውን ሰኩት።

ማሽኑ በትልቅ ድምፅ አነበበ። «ኤች። ዶላር። ቅንፍ ክፈት። ደብሊው። ኮከብ ምልክት። ኪው። ኪው።»

እንግዶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ማሽኑ እንደ ሸቀጥ ቆጣሪ ቀጠለ። ከኋላ አንድ ሰው «በሉ ዱዓ አድርጉለት፣ ይሄን ማሽን ጂን ይዞታል!» አለና ሳቁ ከግድግዳ ግድግዳ ተላተመ። ዲኑ ራሳቸው እየሳቁ መሰኪያውን መዘዙት፣ እንግዶቹን ወደ ለስላሳው ወሰዷቸው። እኔን ያዩኝ አስተያየት ግን ሳቅ አልነበረበትም።

ዘይነባ ከወንበሯ አልተነሣችም። አጠገቧ ቁጢጥ አልኩ።

«ዘይነባ፣ ምነው ሳትነግሪኝ?»

«ሁልጊዜም እንዲህ ነው የሚለኝ» አለች። «ጆሮ እስኪለምደው ያስቸግራል ብለሽኝ አልነበር? ያልለመድኩት እኔ ነኝ ብዬ ነው። ደግሞ አንቺ እንደዚያ ስትለፊልኝ፣ አይገባኝም እንዴት እላለሁ?»

እነዚያን ሁሉ ቀናት ማዳመጫ ለብሳ፣ ዶላርና ቅንፍ እየሰማች፣ አማርኛ እስኪሆንላት ጠብቃለች።

ምክንያቱን በማግስቱ አገኘሁት። ደሴ ከጦርነቱ ስትወጣ የኮሌጁ ኮምፒውተሮች ተዘርፈው ነበር። ሞጁሎቹን የሰበሰብነው ከየመምህሩ ፍላሽና ፒያሳ ካሉ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤቶች ነው። ብዙዎቹ የተጻፉት በድሮ የአማርኛ መጻፊያ ነበር፤ ያ መጻፊያ በውስጥ የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት እያስቀመጠ በላዩ የአማርኛ መልክ ያለብሰዋል። ለዓይን ጥርት ያለ አማርኛ ነው። ማሽኑ ግን መልኩን አያይም፤ ውስጡን ነው የሚያነበው። ዓይን ያለን ሁላችን ገጹን አይተን «ጥሩ ነው» ብለን አልፈናል። ሳይነበብ ሲቀር የታወቃት ዘይነባ ብቻ ነበረች፤ እሷ ደግሞ ጨዋ ናት።

ማስተካከሉ ረጅም ነበር። መቀየሪያ ፕሮግራም አለ፣ ግን አንድ ሞጁል ውስጥ ሁለትና ሦስት ዓይነት የድሮ መጻፊያ ተቀላቅሎ ስለሚገኝ የቀየርኩት እንደገና ይበላሻል። ፎቶ ተነሥተው የገቡትን ገጾች ደግሞ እንደ አዲስ መተየብ ነበረብኝ። እስከዚያው ዘይነባ ባዶ እጇን እንዳትቀር በየቀኑ ከሰዓት በኋላ እኔው አነብላት ጀመር። እኔ፣ ስሜ ሲጠራ እንኳ ድምፄ የማይሰማው! ቃላቱ መጀመሪያ ጉሮሮዬ ላይ ይቀሩ ነበር፤ እየቆየ ወደድኩት። የሀያት ሠርግ አለፈ፤ ዘይነባ በአንድ የክፍል ጓደኛዋ እየተመራች ትመጣለች፤ እኔ አነባለሁ። የፋይሎቹ መቀየር ግን ቀስ አለ። ቀስ ማለቱን ያስተዋልኩት ግን እሷ ስትነግረኝ ነው።

«ሰብልዬ፣ አትቀየሚኝ» አለችኝ አንድ ቀን። «ድምፅሽ ማር ነው። ግን አንቺ ስታነቢ ድገሚልኝ ማለት አልችልም። አንዴ ብልሽ ሁለተኛውን አፍራለሁ። ከሀያትም ጋር እንደዚያው ነበርኩ፤ ገጽ ስትዘል እያወቅሁ ዝም እላት ነበር። ማሽኑን መቶ ጊዜ ባስደግመው አይታዘበኝም። እሱን አስተካክዪልኝ።»

ፊቴ ጋለ። መጽሐፉን ከድኜ ወደ ኮምፒውተሬ ሄድኩ።

ጋሽ ይመር ድነው ሲመለሱ የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። ስለ ምረቃው ቀን አንድ የወቀሳ ቃል አልተናገሩም። በርጩማቸውን አነሡ፣ ዘይነባ ኋላ አስቀመጡ፣ «ልጄ ዘይነባ፣ ፈቃድሽ ከሆነ ማዳመጫውን ልንቀለው?» አሏት።

«ይንቀሉት ጋሽዬ። ግን ከሳቃችሁ እሄዳለሁ።»

«የምንስቀው በሰብለ ሥራ ነው፤ በአንቺ አይደለም።»

ከዚያ በኋላ ተማሪው ምሳ ሲሄድ ክፍሉን ዘግተን በድምፅ ማጉያ እንፈትሽ ነበር። ሦስታችን የምንሰማው አንድ ነገር ሆነ። ጋሽ ይመር ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ማሽኑ ርዕሱንና ሐተታውን ሳይለይ በአንድ ትንፋሽ ሲያንበለብለው «እዚህ ጋ ጠፋች» ይላሉ። እኔ ርዕሶቹን በርዕስነት ምልክት አደርግባቸዋለሁ፤ ዘይነባ በአንድ ቁልፍ ከርዕስ ወደ ርዕስ ትዘላለች። መግቢያው ላይ የተጣመሙ ፊደላትን አይታችሁ ጻፉ የሚለውን መቆለፊያ አነሣነው። ሥዕል ባለበት ሁሉ ሥዕሉ ምን እንደሚያሳይ በአጭሩ ጻፍኩ። የምጽፈው ሲረዝም ዘይነባ «ኧረ በነቢ! ልብወለድ አደረግሽው፤ ሠንጠረዡ ምን ይላል?» ትለኛለች። መቆጣት ጀምራለች። በተቆጣች ቁጥር ሥራው ይቃና ነበር።

ፈተናውን አለፈች። የደወለችልኝ ከመነኻሪያ ነው፤ በጩኸቱ መሀል «አብሽሪ! አብሽሪ!» የሚለው ብቻ ተሰማኝ፤ በቃኝ። ደጋን ተቀጠረች። በዓመቱ ለዲግሪ እዚያው ኮሌጃችን በቅዳሜና እሑድ ተመዘገበች።

ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ አጭር ነው። ጋሽ ይመር ጡረታ ወጡ፤ በመጨረሻው ቀናቸው ካፖርታቸውን ገልብጠው የተቀደዱትን ኪሶች ለሁላችን አሳዩን። ክፍሉ ከሬጅስትራር ጋር ተዋሐደና እኔን የትራንስክሪፕት መስኮት ላይ አስቀመጡኝ። ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር በጉርድ መስኮት መጯጯህ አልቻልኩም። የኮምቦልቻው ሥራ ሲገኝ ለቀቅሁ። ቤተ መጻሕፍቱ በሚገባ የተሠራ ነው፣ ያለ እኔም ይሄዳል ብዬ ነበር።

ባለፈው ወር ዘይነባ ደወለች። ሰላምታም አላስጨረሰችኝ።

«አዲስ አድርገውታል አሉኝ። ሁሉ ነገር ፎቶ ነው። ፍለጋው አይሠራም። ያ የተጣመመ ፊደል ተመልሷል። ስትሄጂ ለማን አስረክበሽው ነው የሄድሽው?»

«ነገርሻቸው?»

«ነገርኳቸው። 'እሺ፣ እናየዋለን' አሉኝ። እናየዋለን ማለት ምን ማለት እንደሆነ አንቺም እኔም እናውቃለን። መመረቂያ ጽሑፌን ልጀምር ነው ሰብለ። እንደገና አንባቢ ልለምን?»

እኔ እዚያ ቤት ቁልፍም ሥልጣንም የለኝም አልኳት። «አውቃለሁ» አለችና ዘጋችው።

ሳምንቱን ሙሉ የግምጃ ቤቱን ዕቃ እያስገባሁ የእጄን ማረፊያ አጣሁ። ቅዳሜ አለቃዬን አስፈቅጄ ወደ ደሴ ወጣሁ። ዘይነባን ደጃፉ ላይ አገኘኋት፤ ድምፄን ሳትሰማ በእርምጃዬ አወቀችኝና ክንዴን ያዘች።

ክፍሉ በቅዳሜና እሑድ ተማሪዎች ሞልቷል። አዲሱ ኃላፊ ትሑት ወጣት ነው፤ ቆሞ ተቀበለን። ዲኑም ሲያልፉ አይተውኝ ገቡ። «ሰብለ! ጠፋሽ! አየሽው አዲሱን? የመጣው ሁሉ ነው የሚያደንቅልን።» ገጹ እውነትም ያምራል። መጻሕፍቱ እንደ ሱቅ መደርደሪያ በየሽፋናቸው ተሰልፈዋል።

ዘይነባ ተቀመጠች፣ ማዳመጫውን አደረገች፣ የመግቢያውን የተጣመመ ፊደል እኔ ካነበብኩላት በኋላ አንድ መጽሐፍ ከፈተች። ወጣቱ ጎንበስ ብሎ በትሕትና «እህቴ፣ ይሰማል አይደል?» አላት።

እሷ ጭንቅላቷን ወደቆምኩበት በኩል ትንሽ አዘነበለች።

እጆቼ ኪሴ ውስጥ ነበሩ። የምረቃው ቀን ሳቅ በጆሮዬ መጣ። ያን ያህል ተማሪ፣ ዲኑ፣ ያ ትሑት ልጅ። አንዷን እጄን አወጣሁና ማዳመጫውን ነቀልኩት። ጠረጴዛው ጥግ ላይ ያ አሮጌ ድምፅ ማጉያ አሁንም አለ፤ ሰካሁት።

«ምስል» አለ ማሽኑ። ዘይነባ ገጽ ገለበጠች። «ምስል።» ገለበጠች። «ምስል። ምስል።»

ተማሪዎቹ ተራ በተራ ዞሩ። የሳቀ የለም። ወጣቱ ኃላፊ ስክሪኑ ላይ ያለውን ጥርት ያለ ጽሑፍ ያያል፣ ማሽኑን ይሰማል፣ እንደገና ያያል። ዲኑ ወደኔ ጠጋ ብለው «ሰብለ፣ ሰው እያነበበ ነው፣ እባክሽ ዝቅ አድርጊው» አሉኝ።

«እሷም ልታነብ ነው የመጣችው» አልኩ። ድምፄ እስከ በሩ ድረስ ሲሄድ ሰማሁት። እጄን መልሼ ኪሴ ከተትኩ።

ዘይነባ በጣቷ ቁልፉን ፈልጋ አገኘችና ድምፁን ጨመረችው።